የአልአዛር ወፍጮ

የአልአዛር መታመም መጀመሪያ የታወቀው በወፍጮው ነው። ሁልጊዜ ብቻውን አንስቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያወጣውን የብረት ከበሮ አንድ ቀን ጠዋት ከወለሉ ማላቀቅ አቃተው። ሚስቱ ታቢታ የላብራቶሪውን በር ስትከፍት ከበሮውን አቅፎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«ምነው?» አለችው።

«ወገቤን ሳይዘኝ አይቀርም። ነይ እስቲ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ለሁለት አነሱት። ወገቡ አልነበረም፤ ጉበቱ ነበር። ይህን ያወቁት ግን ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሐኪሞቹ ከማስታገሻ ሌላ የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም።

ባልና ሚስቱ ሁለቱም የፊዚክስ አስተማሪዎች ነበሩ። ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከአንድ ባንክ በላይ ሁለት ፎቅ ተከራይቶ በሚሠራ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ያስተምራሉ። ጊዜው ሁለት ሺህ አምስትና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ከተማው በግንባታ አቧራ ተሸፍኗል፤ በየሰፈሩ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ በየስብሰባው ስለ ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ይወራል፣ መብራት ግን በየጊዜው ይጠፋል። ኮሌጁ የሚኖረው ከአካውንቲንግና ከነርሲንግ ተማሪዎች በሚያገኘው ክፍያ ነበር፤ ፊዚክስ ለእሱ እንደ ትርፍ ነገር ነው። ሆኖም ዲኑ ዶክተር ጉልላት ኮሌጃቸው አንድ ቀን የምርምር ቦታ ተብሎ እንዲጠራ አጥብቀው ይመኙ ስለነበር፣ ከአንድ የውጭ በጎ አድራጊ ለምነው አንዲት የኤሌክትሪክ እቶን፣ አንድ ሚዛንና ጥቂት የብርጭቆ ዕቃ አስመጥተው ነበር። ላብራቶሪ የተባለው ይኸው ነው።

አልአዛር ሁለተኛ ዲግሪውን ህንድ አገር ሠርቶ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። ቢስመዝ የሚባል ማዕድን፣ ብረትና ኦክስጅን በልካቸው ተዋሕደው እቶን ውስጥ ሲገቡ ቡናማ ዱቄት ይወጣቸዋል። ይህ ዱቄት በአንድ ገላ ሁለት ጠባይ አለው፤ የኤሌክትሪክም የማግኔትም። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ብዙ የለም። ማግኔቱን በኤሌክትሪክ ማዘዝ ቢቻል የኮምፒውተር ማስታወሻ ዛሬ ከሚፈጀው ኃይል በጥቂቱ ይሠራል ይባላል። ችግሩ የማግኔቱ ደካማነት ነው፤ ከድካሙ ብዛት የለም ቢባል ይቀላል። አልአዛር የጠየቀው፣ የዱቄቱ ቅንጣት እያነሰ በሄደ ቁጥር ማግኔቱ ምን ይሆናል ብሎ ነው።

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ደጋግመው የሰሙት እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው ልጁ ገና ዳዴ ሲል ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል፣ ጀልባዎቹ አሳ ከሚያራግፉበት ትንሽ ራቅ ብለው፣ የአሳ ሾርባ እየሸጡ ነው አንድ ልጃቸውን ያስተማሩት። እሑድ ከቸርች መልስ ልጃቸውና ምራታቸው እሳቸው ቤት ምሳ ይበላሉ። ምሳው ሳያልቅ ጥያቄው ይመጣል።

«እስቲ አሁንም ንገረኝ። ምንድን ነው የምትፈጨው?»

«እማ፣ አሥር ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል እንበል» አላቸው አንድ እሑድ። «መሐላቸው አንድ ቀለበት አለ። ሁሉም ገመድ አስረውበት በየፊናቸው ይጎትታሉ። ቀለበቱ ወዴት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድ። አንዱ ሲስበው ሌላው ይመልሰዋላ።»

«ይኸውልሽ። ዱቄቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶችም እንደዚያ ናቸው። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ዞር ብሎ ነው የሚቆመው። ዞር፣ ዞር እያሉ ሄደው አንድ ሙሉ ዙር ሲሞሉ ተጣፍተው ባዶ ይሆናሉ። አሁን ክቡን ቆርጠሽ ግማሾቹን ብታባርሪያቸውስ?»

«የቀሩት ወደ እነሱ ይስቡታል።»

«በቃ! ያ ሙሉ ዙር ስልሳ ሁለት ናኖሜትር ነው። ከአንዲት ጸጉርሽ ውፍረት ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ቅንጣቱን ከዚያ በታች ካሳነስኩት ዙሩ ሳይሞላ ይቆረጣል፤ የታፈነው ማግኔት ብቅ ይላል።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ታቢታ ዞሩ። «እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው እማማ። ውጭ አገር ብዙ ሰዎች ጽፈውታል። የእሱ ድርሻ እዚህ፣ በእኛ እቶን ሠርቶ ምን ያህል እንደሚጨምር መለካት ነው።»

«እንግዲያስ ይለካ» አሉና ድስቱን አነሱ።

መጀመሪያ ዱቄቱን በእጅ ነበር የሚፈጩት፤ ከአጌት ድንጋይ በተሠራች፣ መዳፍ በምታህል ሙቀጫ። አጌት እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ከራሱ ለዱቄቱ የሚሰጠው ነገር የለም። አንድ ቀን መብራት ድርግም ሲል አልአዛር በዳበሳ ሙቀጫዋን ከጠረጴዛው ጣላት፤ ለሁለት ተከፈለች። ሌላ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ተጠየቀ። ባንኩ ወረፋ ጠብቁ አለ። ወረፋው ሳይደርስ ዓመቱ አለቀ።

አልአዛር እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ባህሩ ወደሚባል ጋራዥ ያለው ወዳጁ ሄደ፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና ኩሽኔታ ውስጥ የብረት ብዮች አወጡ። ወፍራም የብረት ቧንቧ ቆርጠው፣ ግራና ቀኙን በየዱና ክዳን አበጁለት። ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ የተነቀለ ሞተር ገጠሙበት። ዱቄቱና ብዮቹ ከበሮው ውስጥ ገብተው ሲሽከረከሩ ብዮቹ እየወጡ እየወደቁ ዱቄቱን ይቀጠቅጡታል። ድምፁ ከታች ባንኩ ድረስ ይሰማ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዶክተር ጉልላት ላብራቶሪው በር ላይ ይዘውት ቆመው፣ «ከወዳደቀ ዕቃ የሠራነው ነው!» ይላሉ። ታቢታም በባሏ ኮርታ ነበር።

በወፍጮው ሦስት ዓይነት ዱቄት አወጡ፤ ትንሽ የተፈጨ፣ ብዙ የተፈጨ፣ እጅግ ብዙ የተፈጨ። አዲስ አበባ ወስደው በኤክስሬይ ሲያስመረምሩት ንጹሕ ነው ተባሉ። ማግኔቱን የሚለካ መሣሪያ በአገር ውስጥ ስላላገኙ ናሙናዎቹን ለሕክምና ወደ ህንድ በሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ላኩ፤ የአልአዛር የድሮ መምህር እዚያ ይለኩለታል። ውጤቱ በኢሜይል የመጣ ቀን አልአዛር ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፤ ታቢታን በትከሻዋ ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ አዞራት። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ማግኔቱ ይጨምራል፤ መጨመር ብቻ ሳይሆን ሽቅብ ይተኮሳል። እስካሁን ሌሎች ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ያን ዕለት የሥራ መውጫ ሰዓት ሳይደርስ ባጃጅ ይዘው አሞራ ገደል ሄዱ። አልአዛር እናቱን ከነሽርጣቸው ብድግ አድርጎ አሽከረከራቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ሳቁ። «ልቀቀኝ፣ ሰው ያየናል!» እያሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ይስቁ ነበር።

ሰውነቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ክረምቱ ሲገባ ሆዱ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አዲስ አበባ ሄደው ተመለሱ። ልጅ አልነበራቸውም፤ በአራት ዓመት ትዳር ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። አልጋው አጠገብ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጽሑፉን ታነብለታለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያርማል። በመጨረሻ እርማቱም ቀረ።

«ላኪው» አላት አንድ ከሰዓት በኋላ። ድምፁ ደክሟል። «እንዳለ ላኪው። እማ ስሜን ታትሞ ትየው።»

«እልከዋለሁ» አለች።

ጥቅምት ሲገባ ሞተ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር።

የእድሩ ድንኳን ውስጥ መዘምራኑ ዘምረው ሲጨርሱ ዶክተር ጉልላት ተነሥተው ተናገሩ። ኮሌጁ አሥረኛ ዓመቱን በግንቦት ያከብራል፤ በዚያ ቀን ላብራቶሪው በአልአዛር ስም ይሰየማል፤ ያገኘውን ነገር ዓለም ያውቀዋል አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እስከዚያ ድረስ እንባቸው ደርቆ ነበር። ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሁሉ ስለ ሥርዓተ ቀብሩ አያወሩም፤ «ልጄ ድንጋይን ማግኔት አድርጎ ነው የሄደው» ይላሉ።

ታቢታ ጽሑፉን ላከች። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ከሁለት ወር በኋላ መለሱ፤ ሥራውን ወደውታል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ውጤቱ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ቅንጣቱ ከሁሉም ያነሰው ናሙና እንደገና ተሠርቶ ይለካ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ታቢታ ከባሏ ሞት ወዲህ ሳትነካው የቆየችውን ከበሮ ከፈተች።

ብዮቹን በአልኮል አጥባ ጨርቅ ላይ ዘረጋቻቸው። አንዷ ተሰንጥቃለች። ሌላ ለመቀየር ወደ ባህሩ ጋራዥ ሄደች፤ እሱም ያኔ ከተረፉት አንዷን ከቆርቆሮ ውስጥ አንሥቶ ሰጣት፣ ስለ አልአዛር ነፍስ ይማር ብሎ ዋጋ አልቀበል አለ። ተመልሳ አዲሷን ብይ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠች፤ ልታነሣት ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። አዲሷ ትበልጣለች። በዓይን በሚታይ መጠን ትበልጣለች። የቀሩት ሁሉ ፊታቸው ተሸርሽሮ፣ ክባቸው ተዛብቶ፣ ጥርስ እንደነካው ከረሜላ ሆነዋል።

መጀመሪያ ያሰበችው ክፉ ነገር አልነበረም። ከዚያ ግን ሐሳቡ በራሱ መንገድ ሄደ። ይህ ሁሉ ብረት የት ገባ? ከበሮው ውስጥ ከዱቄቱ ሌላ ምንም አልነበረም። ዱቄቱ ብዙ በተፈጨ ቁጥር ቅንጣቱ ያንሳል፤ ብዙ በተፈጨ ቁጥር ደግሞ ከብዮቹ የሚላጠው ብረት ይበዛል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ህንድ አገር የተለካው ማግኔት የማን ነበር? የትንሹ ቅንጣት ነው ወይስ የጭነት መኪናው ኩሽኔታ?

ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው ብሏል። ነገር ግን ኤክስሬይ ጥቂት ባዕድ ነገር ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን አያየውም፤ ለማግኔት ግን ይህ ጥቂት ብረት ከሁሉም በላይ ነው። ይህን አልአዛርም እሷም ያውቁት ነበር። ነገሩ አንድ ጊዜ ተነሥቶም ነበር፤ አልአዛር «ብረቱ ትንሽ ቢለቅ ነው፤ ኤክስሬዩ ይነግረናል» ብሎ አልፎታል፤ እሷም አብራ አልፋለች።

ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቅንጣቱ ከሁሉም ያነሰውን ዱቄት አልኮል በያዘ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በጥብጣ፣ ማግኔቱን በቱቦው ጎን አስጠጋች። ቡናማው ድፍርስ እንዳለ ቀረ። ከመሐሉ ግን ጥቁር ብናኝ ተለይቶ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወደ ማግኔቱ ሄደ፤ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ጠጉር አወጣ። የቀድሞውን፣ በሙቀጫ የተፈጨውን ዱቄት ደግሞ እንዲሁ አደረገች። ከእሱ የመጣ የለም።

ቱቦውን እንደያዘች ተቀመጠች። ኮሪደሩ ላይ የነርሲንግ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ማልቀስ ቢመጣላት ደስ ባላት፤ አልመጣላትም።

በማግሥቱ ለዶክተር ጉልላት ቱቦውን ቢሯቸው ወስዳ አሳየቻቸው። ዶክተሩ ኬሚስት ናቸው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሲያንስ ይጠነክራል የሚለው ግን እውነት ነው አይደል?» አሉ በመጨረሻ። «ሌሎችም ያሉት ነው።»

«አቅጣጫው እውነት ነው ዶክተር። መጠኑ ግን ውሸት ነው። የለካነው ብረት ነው።»

«ከሙሉው ስንቱ ብረት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ታጥቦ ካልተለካ አይታወቅም።»

«እንግዲያው አታውቂም።» ቱቦውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ስሚኝ ታቢታ። ስሙ የሚጻፍበት የእብነ በረድ ጽላት ታዟል። በጎ አድራጊዎቹ ለክብረ በዓሉ ይመጣሉ፤ ርዳታው የሚታደሰው እሱን አይተው ነው። ጽሑፉን ዛሬ ከመጽሔቱ ብታስወጪው ላብራቶሪውም ይሄዳል፣ የእሱም ስም ይሄዳል። በዓሉ ይለፍና ከዚያ እርማት ትጽፊያለሽ።»

«በዓሉ ላይ ምን ብለው ነው የሚናገሩለት?»

ዶክተር ጉልላት ቱቦውን ወደ እሷ ገፉት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አልአዛር ሲታመም አዲስ አበባ ድረስ በራሳቸው መኪና ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ታቢታ ሳትከራከራቸው ከቢሯቸው የወጣችው።

ከመወሰኗ በፊት እናቱ ከእሷ አፍ መስማት አለባቸው ብላ አሞራ ገደል ወረደች። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው ከድስታቸው ኋላ ተቀምጠዋል። በርጩማ ሰጧት። ታቢታ ስለ መኪናው ኩሽኔታና ስለተላጠው ብረት በሚገባቸው ቋንቋ ነገረቻቸው። አላቋረጧትም።

«ልጄ ዋሽቷል እያልሽ ነው?» አሉ ስትጨርስ።

«አልዋሸም እማማ። ተሳስቷል። እኔም አብሬው ተሳስቻለሁ።»

«አንቺ ተሳስተሽ ከሆነ አፍ አለሽ፤ ትመልሻለሽ። እሱ በምን አፉ ይመልስ?»

«እሱ ቢኖር ጽሑፉን ከመጽሔቱ ራሱ ነበር የሚያስወጣው። ያውቁታል።»

«እኔ የማውቀው የነገረኝን ነው። ደስ ብሎት አቅፎኝ የነገረኝን።» ጭልፋቸውን አስቀመጡ። «ለዚያ ልጅ አልወለድሽለትም። አልፈረድኩብሽም፤ ፈጣሪ ነው። በዚህ ምድር የወለደው ይህን አንድ ነገር ነበር። እሱንም ልታስወርጂበት መጣሽ?»

ሾርባ ሊጠጡ የመጡ ሰዎች ዘወር አሉ። ታቢታ ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች። «እንዳይቀየሙኝ እማማ» ብላ እስከ ፒያሳ በእግሯ ሄደች።

ለሦስት ሳምንት ያህል አልወሰነችም። እንዳለ ላኪው ብሏት ነበር፤ እልከዋለሁ ብላው ነበር። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲላት ከእሱ ጋር ትከራከራለች። ጠዋት ደግሞ ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ስለ መለኪያ ስሕተት ታስተምራለች፤ ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ይሆንባታል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ፣ «ሚስ፣ መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ከገጠመ በተሳሳተ መንገድ ቢመጣ ማርክ ይያዛል?» ብላ ጠየቀቻት። «አይያዝም» አለች ታቢታ ሳታስብ። የዚያን ቀን ለመጽሔቱ ጻፈች። ሥራው እንዲመለስላት ጠየቀች፤ ምክንያቱን በአራት መስመር አስረዳች።

በግንቦት በዓሉ ተከበረ። ኬክ ተቆረጠ፤ ንግግር ተደረገ። የእብነ በረዱ ጽላት አልተሰቀለም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ዶክተር ጉልላት የአልአዛርን ስም አላነሡም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተጠርተው ስለነበር መጥተው፣ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው፣ ስሙ እስኪጠራ ጠብቀው፣ ሳይጠራ ሲቀር በዝግታ ተነሥተው ወጡ። ታቢታ ከኋላ ሆና አየቻቸው። ልትከተላቸው ተነሥታ እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ቸርች ሲገናኙ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሌላኛው በር ይወጣሉ።

ታቢታ ሥራውን ያለ ወፍጮ እንደ አዲስ ጀመረች። ቅንጣትን ለማሳነስ መፍጨት ብቻ አይደለም መንገዱ፤ ማዕድኖቹን በአሲድ አሟሙቶ፣ አድርቆ፣ እቶን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ካበሰሉት ቅንጣቱ ሳያድግ ይቀራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ቅንጣቱም ያድጋል። ብረት የሚነካው ቦታ የለም። ነገር ግን እቶኑ ሰዓታት ይፈልጋል፤ መብራት መሐል ላይ ሲሄድ ሁሉም ተበላሽቶ እንደ አዲስ ይጀመራል። ከአሲዱ የሚወጣው ቡናማ ጭስ ጉሮሮዋን ይፍቃታል፤ መስኮቱን ከፍታ ኮሪደር ላይ ቆማ ትስላለች። የሚያግዛት አልነበረም። የበጎ አድራጊዎቹ ርዳታ አልታደሰም፤ አልኮሉንና የማጣሪያ ወረቀቱን ከደመወዟ ትገዛለች። ባልደረቦቿ ከፊቷ አይናገሩም፤ ባሏ በሞተ በዓመቱ ስሙን ያጠፋች ሴት እንደሚሏት ግን ደርሷታል።

አራት ዓይነት ዱቄት ጨረሰች። እያንዳንዱን በማግኔት አጥባ፣ ጥቁር ብናኝ አለመኖሩን አይታ፣ ከአልአዛር የተረፈውንም የታጠበ ናሙና ጨምራ ወደ ህንድ ላከች። መልሱ ስድስት ወር ፈጀ።

ውጤቱ ልከኛ ነበር። ከስልሳ ሁለት ናኖሜትር በላይ ያሉት ቅንጣቶች ማግኔታቸው የለም የሚባል ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ይነሣል፤ ቅንጣቱ ባነሰ መጠን ይነሣል። ዙሩ ተቆርጧል፤ እውነት ነው። ግን የሚነሣው ኮረብታ ሳይሆን ጉብታ ነው፤ አልአዛር አይቶ ከዘለለበት ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሆንም። የእሱ ናሙና ብረቱ ሲታጠብለት ከእሷ ናሙናዎች ጋር አንድ መስመር ላይ ገጠመ። ታቢታ ይህን ስታይ መስመሩን በጣቷ ደግማ ደጋግማ ተከተለችው። ጥያቄው ትክክል ነበር። ወፍጮው ነው የበደለው።

ጽሑፉን የአልአዛርን ስም አስቀድማ፣ የራሷን አስከትላ ላከችው። የብረቱንም ታሪክ ሳትደብቅ አስገባችው። ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጸው መልእክት የመጣው ሁለት ሺህ ዘጠኝ ጥቅምት ላይ ነው። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የስልክ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር መልእክቱ ሳይነበብ ሰንብቶ፣ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ገብታ ሻይ አዝዛ በሆቴሉ መስመር ከፈተችው። አንብባ ስትጨርስ ዙሪያዋን አየች። የምትነግረው ሰው አልነበረም።

ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ሄደች። ሾርባውን ትተዋል፤ እግራቸው አብጧል። በሩን ከፍተው አዩአት፣ ግቢ አላሉም።

«ሊታተምለት ነው እማማ» አለች። «ስሙ ከፊት ነው።»

«የቱ? ያ ትልቁ?»

«ያ አይደለም። እውነተኛው። ትንሽ ነው፤ ግን አለ።»

አሮጊቷ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ላላ ያለ መስሏት ነበር።

«ለእኔ ትልቁን ነው የነገረኝ» አሉ። «እሱን ይዤ እሞታለሁ። ትንሹን አንቺ ያዢው።»

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጁ ላብራቶሪውን የኮምፒውተር ክፍል አደረገው። እቶኑ ኮሪደር ላይ ቆሞ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ሆነ። ታቢታን ለአካውንቲንግ ተማሪዎች ሒሳብ እንድታስተምር መደቧት። ሳሉ አልለቀቃትም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሞቱት በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። ታቢታ ምራት ናትና ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠች፤ ማንም ተነሺ አላላትም። በቀብሩ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ሟች በአሞራ ገደል በላባቸው ሠርተው አንድ ልጃቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት እንደነበሩ፣ ልጃቸውም በዓለም ከተገኘው ሁሉ የበለጠ ኃይለኛ ማግኔት አግኝቶ ለአገሩ ስም ያስጠራ ሳይንቲስት እንደነበር አንባቢው ጮክ ብሎ አነበበ። በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ታቢታ ቀና ብላ አንባቢውን አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች፤ ለቅሶዋ መጣ፣ አጠገቧ ያሉት ሴቶችም አይዞሽ እያሉ ደገፏት።